ሞተርሆምን በሌላ ክፍለ ግዛት ማስመዝገብ

ሞተርሆምን በሌላ ክፍለ ግዛት ማስመዝገብ በአሜሪካ የሚኖር ባለቤት ለሞተርሆሙ ታርጋና የባለቤትነት ደብተር ከሚኖርበት ሳይሆን ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚያወጣበት አሠራር ነው። ሞተርሆም መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ በውስጡ ያለው፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ መኪና ሲሆን «አርቪ» በሚል የወል ስም ከሚጠሩት ተሽከርካሪዎች አንዱ ነው። ትልልቆቹ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ስለሚያወጡ በግዢው ላይ የሚከፈለው ታክስ ብቻውን የአንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ ያህል ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ታርጋ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። የታክሱ መጠንም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በአላስካ፣ በደላዌር፣ በሞንታና፣ በኒው ሃምፕሻየርና በኦሪገን በክፍለ ግዛት ደረጃ የሚሰበሰብ አጠቃላይ የሽያጭ ታክስ የለም። ይህ ልዩነት አንዳንድ ገዢዎችን ታክስ ወደሌለበት ቦታ ሄደው ታርጋ እንዲያወጡ ይገፋፋቸዋል።

ሆኖም የታክስ ዕዳው በዋናነት የሚወሰነው ታርጋው በተሰጠበት ቦታ ሳይሆን ባለቤቱ በሚኖርበት፣ ተሽከርካሪውም በሚያድርበትና በሚያገለግልበት ቦታ ነው። ስለዚህ አሠራሩ እንደ ሁኔታው ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ፣ አከራካሪ ወይም በወንጀል የሚያስጠይቅ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

== የባለቤትነት ደብተርና ታርጋ ==

በአሜሪካ አንድ ተሽከርካሪ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ይኖሩታል። የመጀመሪያው የተሽከርካሪው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው የባለቤትነት ደብተር ነው። በኢትዮጵያ ሊብሬ ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ሲሆን በሽያጭ ጊዜ ወደ አዲሱ ገዢ ይተላለፋል። ሁለተኛው ተሽከርካሪው በመንገድ ላይ እንዲሄድ የሚፈቅደው ምዝገባ ነው። ታርጋው የሚሰጠው በዚህ ምዝገባ ሲሆን በአብዛኛው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ዕድሳቱን የሚያሳየው ተለጣፊ ወረቀት በኢትዮጵያ ቦሎ እንደሚባለው ያለ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የሚያወጣው በብዙ ክፍለ ግዛቶች ዲኤምቪ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። በአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በሞንታና፣ ምዝገባው በካውንቲው ገንዘብ ያዥ ጽሕፈት ቤት በኩል ይካሄዳል። የሽያጭ ወይም የመጠቀሚያ ታክስ መከፈሉም የሚጣራው በዚሁ ጊዜ ነው፤ ታክሱ ካልተከፈለ ታርጋ አይሰጥም። ከሱቅ የሚገዛ ልብስ ወይም መጽሐፍ እንዲህ ዓይነት የፍተሻ በር የለውም። ተሽከርካሪ ግን አለው። ታርጋን ከሌላ ቦታ የማውጣት ፍላጎት የሚመነጨውም ከዚሁ በር ነው።

== የሚነሱት የታክስ ዓይነቶች ==

በሞተርሆም ላይ ቢያንስ አራት ዓይነት ክፍያዎች ሊነሱ ይችላሉ።

'''የሽያጭ ታክስ''' ግዢው በተፈጸመበት ጊዜ በዋጋው ላይ የሚከፈል ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በተሽከርካሪ ላይ የሚጥሉትን ታክስ ኤክሳይስ ይሉታል። ስሙ ቢለያይም ለገዢው ያው በዋጋ ላይ የሚሰላ የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው።

'''የመጠቀሚያ ታክስ''' ዕቃው በሌላ ክፍለ ግዛት ተገዝቶ ወደ መኖሪያ ክፍለ ግዛት ሲገባ የሚከፈል ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከሽያጭ ታክሱ ጋር እኩል ነው። ገዢው በሌላ ቦታ የከፈለው የሽያጭ ታክስ ካለ በአብዛኛው ይቀነስለትና ልዩነቱን ብቻ ይከፍላል።

'''ዓመታዊ የምዝገባ ክፍያ''' በአንዳንድ ቦታ በተሽከርካሪው ዕድሜና ክብደት፣ በሌላ ቦታ ደግሞ በዋጋው ላይ ይመሠረታል። ካሊፎርኒያ ከሌሎች የምዝገባ ክፍያዎች በተጨማሪ የተሽከርካሪውን ግምት 0.65 በመቶ በየዓመቱ ታስከፍላለች። ግምቱ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

'''የንብረት ታክስ''' በተሽከርካሪው ግምት ላይ በየዓመቱ የሚጣል ነው። ለምሳሌ በቨርጂኒያ ይህን ታክስ የሚሰበስቡት ካውንቲዎችና ከተሞች ናቸው።

== የመጠቀሚያ ታክስ አመጣጥ ==

የሽያጭ ታክስ በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተስፋፋው በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ታክሱ እንደተጀመረ ገዢዎች ድንበር ተሻግረው ታክስ ከሌለበት ቦታ መግዛት ጀመሩ፤ የአገሬው ነጋዴም ተጎዳ። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን በ1935 የመጠቀሚያ ታክስን አወጣች። ሕጉ ዕቃው የትም ቢገዛ በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ጥቅም ላይ ከዋለ 2 በመቶ እንዲከፈልበት፣ በሌላ ቦታ የተከፈለ ታክስም እንዲቀነስ የሚያዝ ነበር።

በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የግራንድ ኩሊ ግድብን ይሠሩ የነበሩ ተቋራጮች ከሌላ ክፍለ ግዛት ገዝተው ያስገቧቸው መሣሪያዎች በዚህ ሕግ ታክስ ሲጠየቅባቸው ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1937 ሕጉ ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ታክሱ የተጣለው ዕቃው ክፍለ ግዛቱ ከገባና ጉዞው ካበቃ በኋላ በመጠቀም መብት ላይ እንጂ በክፍለ ግዛቶች መካከል በሚደረግ ንግድ ላይ አለመሆኑን፣ የአገሬውም ሆነ የውጭው ገዢ በመጨረሻ እኩል ሸክም እንደሚሸከም አስረዳ።

ለሞተርሆም ባለቤቶች ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ይኸው መርህ ነው። ታክስ ከሌለበት ክፍለ ግዛት መግዛት ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ተሽከርካሪው ወደ ቤት ሲመለስ የመጠቀሚያ ታክሱ ይጠብቀዋል።

== የክፍለ ግዛቶች ንጽጽር ==

ዋጋው 200,000 ዶላር የሆነ ሞተርሆም በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ቢመዘገብ በክፍለ ግዛት ደረጃ የሚከፈለው ታክስ የሚከተለውን ይመስላል። በካውንቲና በከተማ ደረጃ የሚጨመረው አልተካተተም።

* ሞንታና፦ 0 በመቶ፣ ማለትም ምንም
* ደቡብ ዳኮታ፦ 4 በመቶ፣ ማለትም 8,000 ዶላር
* ፍሎሪዳ፦ 6 በመቶ፣ ማለትም 12,000 ዶላር
* ቴክሳስ፦ 6.25 በመቶ፣ ማለትም 12,500 ዶላር
* ካሊፎርኒያ፦ ዝቅተኛው 7.25 በመቶ፣ ማለትም 14,500 ዶላር

የሽያጭ ታክስ የሌላቸው አምስቱ ክፍለ ግዛቶችም ቢሆኑ ከክፍያ ነጻ አይደሉም። ደላዌር ተሽከርካሪ ሲመዘገብ በዋጋው ላይ የተመሠረተ የሰነድ ክፍያ ትጠይቃለች። ኦሪገን ከ2018 ጀምሮ በአዳዲስ ተሽከርካሪዎች ሽያጭ ላይ የግማሽ በመቶ ታክስ ጥላለች። በኒው ሃምፕሻየር ከተሞች በተሽከርካሪው ዋጋና ዕድሜ የሚሰላ የምዝገባ ክፍያ ይሰበስባሉ። በአላስካም የየአካባቢው አስተዳደሮች የራሳቸውን የሽያጭ ታክስ መጣል ይችላሉ። ሞንታና ደግሞ በ2017 ባወጣችው ሕግ የመነሻ ዋጋቸው ከ300,000 ዶላር በላይ በሆነና ብዙ ባላረጁ ሞተርሆሞች ላይ በየዓመቱ 800 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ጥላለች።

== የሞንታና ኩባንያ ==

ከአምስቱ ክፍለ ግዛቶች ሞንታና ለሞተርሆም ባለቤቶች ተመራጭ የሆነችው ከታክሱ በተጨማሪ በሌላ ምክንያት ነው። ሰውየው ራሱ በሞንታና ባይኖርም በዚያ ያቋቋመው ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ፣ በተለምዶ ኤልኤልሲ የሚባለው፣ ተሽከርካሪ ገዝቶ በስሙ ማስመዝገብ ይችላል።

አካሄዱ እንደሚከተለው ነው። ባለቤቱ በሞንታና አድራሻ ያለው ወኪል ይይዛል። ወኪሉ የኩባንያውን መመሥረቻ ሰነድ ለክፍለ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ያስገባል። ኩባንያው ሞተርሆሙን ይገዛል፣ የባለቤትነት ደብተሩም በኩባንያው ስም ይወጣል። ከዚያ ወኪሉ ታርጋውን ከካውንቲው ተቀብሎ ለባለቤቱ በፖስታ ይልካል። ባለቤቱ ሞንታናን በዓይኑ ሳያይ ሁሉም ሊጠናቀቅ ይችላል። ዕድሜያቸው 11 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ተሽከርካሪዎች ዕድሳት የማያስፈልገው ቋሚ ምዝገባ ማግኘት መቻላቸው ሌላው ማባበያ ነው።

በሞንታና ሕግ ይህ ሁሉ የተፈቀደ ነው። ችግር የሚነሳው ሞተርሆሙ ባለቤቱ በሚኖርበት ክፍለ ግዛት ሲቆም ነው። ሞንታና ታክስ አለመጠየቋ ሌላው ክፍለ ግዛት የራሱን የመጠቀሚያ ታክስ እንዳይጠይቅ አያግደውም። ስለዚህ ዋናው ክርክር «ሞተርሆሙን የሚጠቀምበት ማን ነው? ኩባንያው ነው ወይስ ሰውየው?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ክፍለ ግዛቶች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል።

=== የሉዊዚያና ውሳኔ ===

አንድ የሉዊዚያና ነዋሪ በሞንታና ባቋቋመው ኩባንያ አማካይነት ሞተርሆም ገዛ። የሉዊዚያና የገቢዎች መሥሪያ ቤት ኩባንያው ታክስ ለመሸሽ ብቻ የተቋቋመ ነው በማለት ታክሱን ከግለሰቡ ጠየቀ። ጉዳዩ እስከ ክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 ለግለሰቡ ተፈረደ።

የፍርድ ቤቱ ምክንያት የሞተርሆሙ ባለቤት በሕግ የተቋቋመው ኩባንያ ስለሆነና ኩባንያ ከአባሉ የተለየ የሕግ ሰውነት ስላለው ግለሰቡ በግሉ ሊጠየቅ አይገባም የሚል ነው። ሕግ የፈቀደውን መንገድ ተጠቅሞ ታክስን መቀነስም በራሱ ማጭበርበር አይባልም። ይህ ውሳኔ የሞንታናን መንገድ በሚደግፉ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ነገር ግን ውሳኔው የሚያስገድደው በሉዊዚያና ብቻ ሲሆን የተመሠረተውም በዚያው ክፍለ ግዛት ሕግ አጻጻፍ ላይ ነው። ሕጋቸውን በሌላ መንገድ የጻፉ ክፍለ ግዛቶች ወደ ሌላ መደምደሚያ ይደርሳሉ።

=== የካሊፎርኒያ ሕግ ===

ካሊፎርኒያ ክርክሩን ለዳኞች ሳትተው በሕግ መልስ ሰጥታበታለች። ከክፍለ ግዛቱ ውጭ የተገዛ ተሽከርካሪ በ12 ወራት ውስጥ ወደ ካሊፎርኒያ ከገባና ከሚከተሉት አንዱ ከተሟላ ለካሊፎርኒያ አገልግሎት እንደተገዛ ይገመታል።

* ገዢው የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሆነ፣
* ተሽከርካሪው በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ በካሊፎርኒያ መመዝገብ የነበረበት ከሆነ፣
* በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ከግማሽ በላይ ለሚሆነው ጊዜ በካሊፎርኒያ ከቆመ ወይም ከተነዳ።

ግምቱን የማፍረስ ሸክም በገዢው ላይ ነው፤ የነዳጅ፣ የካምፕና የጥገና ደረሰኞችን የመሳሰሉ ማስረጃዎች ማቅረብ ይኖርበታል። ስለ ኩባንያም ሕጉ ግልጽ ነው። በጥቂት ሰዎች እጅ ያለ ኩባንያ 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ድርሻው በካሊፎርኒያ ነዋሪዎች የተያዘ ከሆነ ኩባንያው ራሱ እንደ ካሊፎርኒያ ነዋሪ ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት በሉዊዚያና ያሸነፈው ክርክር በካሊፎርኒያ መነሻውን ያጣል።

ታክስን ለመሸሽ ሲባል ተሽከርካሪን ከክፍለ ግዛቱ ውጭ ማስመዝገብም የታክሱን 50 በመቶ ያህል ቅጣት ያስከትላል። ከላይ በተጠቀሰው የ200,000 ዶላር ምሳሌ 14,500 ዶላር ታክስ ላይ 7,250 ዶላር ቅጣት ሲጨመር ዕዳው ወለዱ ሳይታሰብ 21,750 ዶላር ይደርሳል።

== መኖሪያን በእውነት መቀየር ==

ቤታቸውን ሸጠው ዓመቱን ሙሉ በሞተርሆም እየተዘዋወሩ የሚኖሩ ሰዎች ሁኔታ ከዚህ ይለያል። አብዛኞቹ ጡረተኞች ወይም ሥራቸውን ከየትም ሆነው የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ቦታ ቋሚ ቤት ባይኖራቸውም በሕግ ፊት አንድ ቋሚ መኖሪያ ሊኖራቸው ይገባል። ታርጋ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የመራጭነት ምዝገባና የገቢ ግብር ከዚህ መኖሪያ ጋር ይያያዛሉ።

ለዚህ ዓላማ በብዛት የሚመረጡት ደቡብ ዳኮታ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ናቸው። ሦስቱም የግለሰብ የገቢ ግብር የላቸውም። በሦስቱም ደብዳቤ ተቀብለው ደንበኛው ወዳለበት የሚያስተላልፉ ድርጅቶች አሉ። ደቡብ ዳኮታ እንደነዚህ ያሉ ተጓዦች በክፍለ ግዛቱ ውስጥ በካምፕ ወይም በሆቴል ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደራቸውን በደረሰኝ ሲያሳዩ መንጃ ፈቃድ የምትሰጥበት አሠራር አላት። ቴክሳስ ደግሞ በሌላ ክፍለ ግዛት በስማቸው የተመዘገበ ተሽከርካሪ ይዘው ከሚመጡ አዲስ ነዋሪዎች በ6.25 በመቶው ታክስ ፈንታ 90 ዶላር ብቻ ትቀበላለች።

በዚህ መንገድ የሚመዘገብ ሞተርሆም በባለቤቱ ስም፣ በባለቤቱ ሕጋዊ መኖሪያ የተመዘገበ ነው። ስለዚህ በወረቀት ብቻ ከሚኖር ኩባንያ ይልቅ አቋሙ የጠነከረ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ መኖሪያ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ የቀድሞውን መተውም ያስፈልጋል። በቀድሞው ክፍለ ግዛት ቤቱን ያልሸጠ፣ ልጆቹን እዚያው የሚያስተምርና አብዛኛውን ዓመት እዚያው የሚያሳልፍ ሰው የደቡብ ዳኮታ ታርጋ ቢይዝም የቀድሞው ክፍለ ግዛት አሁንም ነዋሪዬ ነው ሊለው ይችላል። መርማሪዎች የሚያዩት አንድን ሰነድ ነጥለው ሳይሆን የሰውየውን አጠቃላይ ሕይወት ነው፦ ሐኪሙ የት እንደሆነ፣ ባንኩ የት እንደሆነ፣ የት እንደሚመርጥ፣ ቤተሰቡ የት እንደሚያድር።

== የፌዴራል ገቢ ግብር ==

የክፍለ ግዛት ምርጫ በፌዴራል ገቢ ግብር ላይ ያለው ተጽእኖ ውስን ነው። አንድ አባል ብቻ ያለው ኤልኤልሲ የተለየ ምርጫ ካላደረገ በስተቀር ለፌዴራል የገቢ ግብር ከባለቤቱ እንደተለየ አይታይም። በመሆኑም የሞንታና ኩባንያ ማቋቋም የፌዴራል ግብርን በራሱ አይቀንስም።

ከሞተርሆም ጋር የሚያያዙ ሁለት የግብር ቅነሳዎች አሉ። ሁለቱም የሚጠቅሙት ወጪዎቻቸውን በዝርዝር ለሚያቀርቡ ግብር ከፋዮች ብቻ ነው። አንደኛው የብድር ወለድ ነው። ሞተርሆሙ መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ካለው እንደ ዋና ወይም እንደ ሁለተኛ ቤት ሊቆጠር ይችላል። ብድሩ በራሱ በሞተርሆሙ የተረጋገጠ ከሆነ በሕጉ ጣሪያ ውስጥ ወለዱ ከሚታሰበው ገቢ ይቀነሳል። ሁለተኛው የከፈሉት የሽያጭ ታክስ ነው። ግብር ከፋዩ ከክፍለ ግዛት የገቢ ግብር ወይም ከሽያጭ ታክስ አንዱን መርጦ መቀነስ ይችላል። ለእነዚህና ለንብረት ታክስ በጋራ የተቀመጠው ጣሪያ ከ2018 ጀምሮ 10,000 ዶላር ነበር፤ በ2025 በወጣው ሕግ ወደ 40,000 ዶላር ከፍ ብሏል፤ ከፍተኛ ገቢ ላላቸው ግን ጣሪያው ይቀንሳል። የሽያጭ ታክስ ያልከፈለ ሰው ከሁለተኛው ቅነሳ የሚያገኘው ነገር የለም። የታክስ ቁጠባው ሲሰላ ይህም ከግምት መግባት አለበት።

== ከታክስ ውጭ ያሉ ጉዳዮች ==

'''ኢንሹራንስ።''' የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ክፍያውን የሚተምኑት ተሽከርካሪው አብዛኛውን ጊዜ በሚያድርበት ቦታ ነው። ታርጋው የሞንታና፣ ማደሪያው ግን ሎስ አንጀለስ ሆኖ ይህ ለኩባንያው ካልተነገረ አደጋ በደረሰ ጊዜ ካሣው ሊከለከል ይችላል። በኩባንያ ስም የተመዘገበ ሞተርሆም የግል ኢንሹራንስ ለማግኘትም ያስቸግራል። ታክስ ለማትረፍ የተደረገ ጥረት ከታክሱ በብዙ እጥፍ የበለጠ ኪሳራ ሊያመጣ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

'''ብድር።''' ብዙ ባንኮች አዲስ ለተቋቋመ፣ ገቢ ለሌለው ኩባንያ የግል ሞተርሆም ብድር አይሰጡም። በግል ስሙ ተበድሮ የገዛ ሰው የባለቤትነት ደብተሩን ወደ ኩባንያ ለማዛወር የአበዳሪውን ፈቃድ ይሻል።

'''የጭስ ደንብ።''' በካሊፎርኒያ ከ7,500 ማይል በታች የተነዳ ተሽከርካሪ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ በካሊፎርኒያ የጭስ መስፈርት ካልተረጋገጠ በአብዛኛው በነዋሪ ስም አይመዘገብም። በመሆኑም በሌላ ክፍለ ግዛት የተገዛ አዲስ ሞተርሆም ታክሱ ቢከፈልም እንኳ ለምዝገባ ላይበቃ ይችላል።

== ቁጥጥርና ቅጣት ==

አዲስ ነዋሪዎች ተሽከርካሪያቸውን በአዲሱ ክፍለ ግዛት የሚያስመዘግቡበት የጊዜ ገደብ አለ። ካሊፎርኒያ 20 ቀን፣ ቨርጂኒያ 30 ቀን፣ ሜሪላንድ ደግሞ 60 ቀን ይሰጣሉ። ገደቡን ያለፈ ሰው ታክስ ለመሸሽ ባያስብም ሊቀጣ ይችላል።

የውጭ ታርጋ ያላቸውን ተሽከርካሪዎች መለየት አዳጋች አይደለም። ሞተርሆም ትልቅ ነው፤ በአንድ ደጃፍ ወይም በአንድ የኪራይ ማቆሚያ ለወራት ሲቆም ጎረቤት ያየዋል። የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ፖሊስ ነዋሪዎች በድረ ገጽ ስለ እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎች ጥቆማ የሚሰጡበት ፕሮግራም አለው። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደግሞ ነዋሪ ሆኖ ታክስና ክፍያ ለመሸሽ ሲሉ ተሽከርካሪን በሌላ ክፍለ ግዛት ማስመዝገብ እስራት ሊያስከትል የሚችል የወንጀል ጥፋት ነው።

ጊዜ ማለፉም ሁልጊዜ ከዕዳ አያድንም። በካሊፎርኒያ የታክስ ማስታወቂያ ያላቀረበ ሰው እስከ 8 ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላል። በእነዚህ ዓመታት ወለዱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

== በተግባር የሚያጋጥሙ ሁኔታዎች ==

'''በሌላ ክፍለ ግዛት ገዝቶ በመኖሪያ ክፍለ ግዛት ማስመዝገብ።''' ይህ የተለመደና ሕጋዊ ነው። አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ በደቡብ ዳኮታ 200,000 ዶላር ከፍሎ ገዝቶ በዚያ 8,000 ዶላር ታክስ ከከፈለ ካሊፎርኒያ ስትጠይቀው ይህ ይቀነስለትና በዝቅተኛው መጠን 6,500 ዶላር ይጨምራል።

'''ሁለት ቤት ያለው ሰው።''' ክረምቱን በፍሎሪዳ፣ በጋውን በሰሜን የሚያሳልፍ ሰው ሞተርሆሙ በብዛት የሚቆምበትንና ሕጋዊ መኖሪያው የሆነውን ክፍለ ግዛት መለየት አለበት። የሁለቱንም ቦታዎች ቀናት መመዝገብ በኋላ ለሚነሳ ጥያቄ መልስ ይሆናል።

'''እውነተኛ ሥራ ያለው ኩባንያ።''' በሞንታና ሞተርሆም የሚያከራይ፣ እዚያው ቢሮና ደንበኞች ያሉት ድርጅት ተሽከርካሪዎቹን በሞንታና ማስመዝገቡ ተገቢ ነው። ስሙ ብቻ በወረቀት ላይ ካለው ኩባንያ የሚለየው እውነተኛ ሥራ መሥራቱ ነው።

'''በአጎራባች ክፍለ ግዛቶች መካከል መዘዋወር።''' ጥያቄው በሞተርሆም ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ለመሄድ አንድ ድልድይ መሻገር ይበቃዋል፤ የመኪናው ሕግ ግን ይለወጣል። ሜሪላንድ በመኪና ግዢ ላይ የምታስከፍለውን ኤክሳይስ በሐምሌ 2025 ከ6 ወደ 6.5 በመቶ አሳድጋለች። የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው፤ ሆኖም በሜሪላንድ የሌለ ዓመታዊ የንብረት ታክስ አለባት። በቨርጂኒያ እየኖሩ የዘመድን የሜሪላንድ አድራሻ ተጠቅሞ ታርጋውን ማቆየት፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ከሞንታናው ሞተርሆም ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ያስነሳል፦ መኪናው በእውነት የሚያድረው የት ነው?